የማን አካውንት ነው?

ኮምፒውተር ከሚሸጥና ከሚጠገንበት ሱቅ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ሱቃችን መገናኛ አካባቢ ነው። የተሰበረ ስክሪን፣ ቡና የፈሰሰበት ኪቦርድ፣ ቫይረስ የበላው ፍላሽ በየቀኑ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይረሳል። አንድ ሥራ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሥራው ከሁሉም የቀለለ ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ቤት ድረስ ሄዶ አስነስቶ ማስረከብ ብቻ።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ላፕቶፑን ከአሜሪካ የላከችው ልጃቸው ናት። ስልክ ደውላ «አባቴ ለብቻው አይችለውም፣ እባክህ ሄደህ ክፈትለት» አለችኝ። አባትየው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰፈራቸው ኮተቤ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ እላቸዋለሁ። ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያው ነው።

ስደርስ ላፕቶፑ ከነካርቶኑ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። ከጎኑ ሰባት የተጻፈባቸው ደብተሮች ተደርድረዋል። ጋሼ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገጠር ገብተው አዋቂዎችን ያስተማሩ ናቸው። ያንን ጊዜ ሲጽፉት ኖረዋል። አሁን በኮምፒውተር አስተካክለው ለልጅ ልጆቻቸው ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። የልጅ ልጆቹ የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም።

መጀመሪያ ያስቸገረን ቻርጀሩ ነው። የአሜሪካ መሰኪያ ጠፍጣፋ ጥርስ አለው፣ የኛ ሶኬት ደግሞ ክብ ቀዳዳ። ጋሼ የሰጉት በመብራቱ ኃይል ነበር። «እዚያ 110፣ እዚህ 220 ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አይቃጠልም?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ሰበብ ብዙ ዕቃ ሲቃጠል አይቻለሁ። የላፕቶፑን ቻርጀር ገልብጬ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚለውን ጽሑፍ አሳየኋቸው። ሁለቱንም ይችላል ማለት ነው። ከቦርሳዬ መቀየሪያ አውጥቼ ሰካሁት።

ከዚያ ዋናው ጣጣ መጣ። ዊንዶውስ 11 ሆም አዲስ ሲነሳ ኢንተርኔት ካላገኘ ወደፊት አይሄድም። ጋሼ ቤት ደግሞ ዋይፋይ የለም። ከራሴ ስልክ ሆትስፖት ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ገና ሰላም ሳይል አፕዴት ማውረድ ጀመረ። አንድ ጊጋ የሞላሁት ፓኬጅ ሩብ ሰዓት አልቆየም። ወጥቼ ካርድ ገዝቼ ተመለስኩ። እንደገና ጀመረ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ የኔ ስልክ ግን 12 ፐርሰንት ላይ ነበር።

እማማ፣ ማለት ባለቤታቸው፣ ቡና አቀረቡ። ሦስተኛው እስኪደርስ መብራቱ አልመጣም። እኔ ውስጤ እየነደደ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው እየጠበቀኝ ነበር፤ አለቃዬ ሁለቴ ደውሏል። ይህን የማነሳው ለማመካኛ አይደለም። ስህተቱ የተሠራው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ስለሆነ ነው።

መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ ሠሪ የሆነው የማይክሮሶፍት አካውንት ለመክፈት ጥያቄውን ደረደረ። አገር፣ ኪቦርድ፣ ስም፣ የአባት ስም። ኢሜይል አለዎት? የለዎትም? ይክፈቱ። የትውልድ ቀን? ጋሼ «በኛ 1943 ነው። በፈረንጅ ስንት ይመጣል?» አሉኝ። ከወሩ ጋር አስልቼ መንገር ነበረብኝ፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚጨመረው እንደ ወሩ ነው። እኔ ግን «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ እሞላዋለሁ» አልኩና የመጣልኝን ዓመት አስገባሁ። ቀጥሎ ኮድ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ጠየቀ። የጋሼ ስልክ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ለማምጣት ብድግ ሲሉ አስቀመጥኳቸው። «አይነሡ፣ በሱቁ ቁጥር ይሁን።» ፓስወርዱንም እኔ አወጣሁ፤ የሥራ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለሳቸው የሰጠኋቸው አራት አኃዝ ያላት ፒን ብቻ ናት።

ፒኗ በየቀኑ ታስገባለች። ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ ከኋላ አካውንት የሚባል ነገር እንዳለ፣ በማን ቁጥር እንደታሰረ የሚያስታውስ የለም።

የቀረው ደስ የሚል ነበር። የሰዓት ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን አጥተው ሲደነቁ ናይሮቢን መረጥኩላቸው፤ ሰዓታችን አንድ ነው። አማርኛ መጻፊያ ጫንኩ። በላቲን ፊደል ሰላም ብሎ መምታትን አሳየኋቸው። መጀመሪያ ስ ትመጣለች፣ አናባቢዋ ስትጨመር ሰ ትሆናለች። አስተማሪ ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «ያው የፊደል ገበታው ነው፤ ስድስተኛውን አስቀድሞ ነው የሚጀምረው» አሉ። እስከዛሬ ለደንበኛ ስገልጽ ይህን አነጋገራቸውን እጠቀምበታለሁ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አልፎ አልፎ ይደውሉልኝ ነበር፤ ማስመሪያው ጠፋ፣ ገጹ ሰፋ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ግን ሱቅ ድረስ መጡ። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለውታል። አንገታቸው ላይ ላብ ነበር። ከፈትኩት። ሰማያዊ ገጽ ነው። የማስመለሻ ቁልፍ አስገባ ይላል፤ 48 አኃዝ።

ነገሩ ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ በአካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ይቆልፋል። መቆለፉ ክፉ አይደለም፤ ሌባ ቢወስደው ውስጡን ማንበብ አይችልም። መክፈቻው ማዘርቦርዱ ላይ ካለች ቲፒኤም ከምትባል ቺፕ ጋር የተያያዘ ነው። ጋሼ ቤት በዚያ ሳምንት የወረደው አፕዴት ባዮሱን፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን ፕሮግራም፣ ነክቶት ነበር። ቺፗ ያወቀችው ነገር ሲለወጥባት ትጠራጠራለች፤ ባለቤቱ ራሱ መሆኑን አረጋግጥ ትላለች። ማረጋገጫው ያ 48 አኃዝ ነው። የተቀመጠው ደግሞ አካውንቱ ውስጥ። ማለትም እኔ በሱቁ ቁጥር በከፈትኩት አካውንት ውስጥ።

የሱቁ ስልክ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ሲሙን አላስወጣነውም፤ ሌላ ቁጥር ይዘን ቀጠልን።

«ስንት ገጽ ነበር ጋሼ?» አልኳቸው።

«መቶ አርባ» አሉኝ። «ስልሳውን ጎረቤት አትሜው ነበር። ሌላው እዚያው ነው።» ደብተሮቹ አሉ፤ ግን ሲተይቡ እያስታወሱ ብዙ ጨምረዋል። የጨመሩት ሌላ ቦታ የለም።

አንድ ባልደረባዬ በጆሮዬ «ፎርማት አድርገህ ስጣቸው፣ ዲስኩ ሞቷል በላቸው» አለኝ። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። በሙያችን ይህ ይደረጋል። ከባድ ነገር ሲመጣ ፎርማት፣ ከዚያ «ምንም ማድረግ አልተቻለም»። ደንበኛው ማረጋገጫ የለውም፣ አምኖ ይሄዳል። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ ግን ነጠላቸውን እያጣጠፉ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ትንሽ ዝም አሉና ስለ ዘመቻው አወሩኝ። አንድ ገበሬ ነበሩ አሉ፤ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ። ለቀበሌ ማመልከቻ አምጥተው ለጋሼ «አንተ ፈርምልኝ» ይሏቸዋል። ጋሼ አልፈረሙም። ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ገበሬው ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጻፉ። እስከዚያ ማመልከቻው ኪሳቸው ውስጥ ቆየ። «እኔ ብፈርም አንድ ደቂቃ ነበር» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ያን ቀን ሳልነግራቸው የሞላሁት የትውልድ ዓመት ትዝ አለኝ።

የሥራ ደብተሬን ፈልጌ ፓስወርዱን አገኘሁ። ገባ። ቀጥሎ ግን ወደ ስልክ የተላከውን ኮድ አስገባ አለ። የመጨረሻ ሁለት አኃዞቹን ያሳያል፤ የድሮው የሱቁ ቁጥር ነው። ደወልኩበት። አንዲት ወጣት ሴት አነሣች። ቁጥሩን ከገዛችው ብዙ አልቆየችም። ነገሩን አስረዳኋት፤ ስለ ጋሼም፣ ስለ ጽሑፉም ነገርኳት። «አሁን ኮድ ይደርስሻል፣ እባክሽ አንብቢልኝ» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለች። «ኮድ ለማንም እንዳትሰጪ ተብያለሁ። አጎቴ በዚህ ብሩን ተበልቷል።»

መልስ አጣሁ። እኔ ራሴ ለደንበኛ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። የባንክና የቴሌብር አጭበርባሪዎች የሚደውሉት ልክ እንደኔ ነው፤ የሚያሳዝን ታሪክ ይዘው፣ በትሕትና፣ በጥድፊያ። እሷ በምን ትለየኝ? ባልደረባዬ በሌላ ስልክ ደውለን እናግባባት ሲል ጋሼ ከለከሉት። «ተዋት። ልጅቷ ልክ ናት። እኔን ብላ ጥንቃቄዋን እንድትተው አልፈልግም» አሉ። ኮዱን ሰጥታን ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ ደስ ይለን ነበር። ነገ የሚደውልላት ግን እኔ አይደለሁም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ስፈልግ አንድ መንገድ አገኘሁ። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩ በእጁ ከሌለ በአዲስ ቁጥር እንዲተካ መጠየቅ ይችላል። ግን 30 ቀን መጠበቅ አለበት። መቆያው የተደረገው ሌባ ቢጠይቅ ትክክለኛው ባለቤት ለመንቃት ጊዜ እንዲያገኝ ነው። በማግስቱ ኮተቤ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ ስልካቸውን ራሳቸው ከመኝታ ቤት አመጡ። ቁጥሩን ራሳቸው አንድ በአንድ መቱት።

ያ ወር ረጅም ነበር። ላፕቶፑን ማንም እንዳይነካው እማማን አደራ አልኳቸው። ኮምፒውተር እችላለሁ የሚል የጎረቤት ልጅ ፎርማት ላድርገው ብሎ ሁለቴ መጥቷል፤ በር ላይ መለሱት። ጋሼ ስምንተኛ ደብተር ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የታተመውን ስልሳ ገጽ ሱቅ ባለው ኮምፒውተር ልተይበው ወሰድኩ። ስልሳ ገጽ ስትተይብ የምታነበው እንደ ደንበኛ ዕቃ አይደለም። ያንን ገበሬ እዚያ አገኘኋቸው፤ ገጽ 22 ላይ።

ሱቅ ውስጥም አንድ ነገር ተለወጠ። አለቃዬ መጀመሪያ «ጊዜ ይፈጃል» ብሎ ነበር፤ ታሪኩን ሲሰማ ተስማማ። አሁን አዲስ ኮምፒውተር የምንከፍተው ባለቤቱ አጠገባችን ተቀምጦ፣ ስልኩ እጁ ላይ ሆኖ ብቻ ነው። ስሙን ራሱ ይጽፋል። የትውልድ ቀኑን አብረን እናሰላለን። ፓስወርዱን እኛ አናየውም። የማስመለሻ ቁልፉን አትመን እንሰጠዋለን፤ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ የሚያስቀምጥበትን ቦታ እንዲነግረን እንጠይቀዋለን፤ ብዙ ሰው እዚያው ቦርሳው ውስጥ ይከተዋልና። ፋይሉን በፍላሽ መገልበጥም እናሳያለን። ቀድሞ በግማሽ ሰዓት የምንጨርሰው አሁን ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚቸኩል ደንበኛ «አንተ ሙላልኝ» ይለኛል። እምቢ እለዋለሁ፤ የሚቀየመኝም አለ።

ቀኑ ሞላ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮተቤ ደረስኩ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ተሰናድቷል። በኔ ላፕቶፕ አካውንቱን ከፍተን ኮድ ላክ አልነው። የጋሼ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ለማየት ጎንበስ አልኩ፣ የለመደብኝ ነው።

ስልኩን ወደ ደረታቸው መለሱት። «ለማንም አትስጥ ይላል» አሉኝ። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና በአንድ ጣታቸው መምታት ጀመሩ።