የቆሮሶ ቅርፊት እና ጆንያ ተሸካሚው ሰው

ሞለኪውላዊ ሞተሮችን፣ ማለትም ህዋስ ውስጥ እንደ ሞተር የሚሠሩ ፕሮቲኖችን፣ ለስድስት ዓመት ያስተማርኩት በአንድ ሥዕል ነው። ሰሌዳው ላይ ረጅም ቱቦ እሥላለሁ፤ ቱቦው ላይ ጆንያ የተሸከመ ባለ ሁለት እግር ትንሽ ሰው አቆማለሁ። ቱቦው ማይክሮቲዩቡል የሚባለው የህዋስ ውስጥ መንገድ፣ ሰውየው ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን፣ ጆንያው ህዋሱ የሚያጓጉዘው ዕቃ ነው። ተማሪዎቼ ሥዕሉን ይወዱታል፤ ፈተና ላይም አሳምረው ይሥሉታል። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይህ ሰው የት እንደሚሄድ ማን ነገረው?» ስትል መልስ አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሰው ሥዬ ካሳየሁ በኋላ ሰውየው አያስብም ብል ማን ያምነኛል?

ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር ላሳያቸው ቆረጥኩ። ኪኔሲን ራሱ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም። አንድ እርምጃው 8 ናኖሜትር ነው፤ የእኛ መሣሪያ ደግሞ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡ ነገሮችን መለየት አይችልም። ጭነቱ ግን ይታያል። የዓሣ ቅርፊት ላይ ኮከብ የሚመስሉ ጥቁር ህዋሶች አሉ። በውስጣቸው ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር ቀለም የያዙ ከረጢቶች ይመላለሳሉ፤ ወደ መሐል ሲሰበሰቡ ዓሣው ይገረጣል፣ ወደ ዳር ሲበተኑ ይጠቁራል። ወደ መሐል የሚጎትታቸው ዳይኒን የሚባል ሌላ ሞተር፣ ወደ ዳር የሚወስዳቸው ኪኔሲን ነው። ሐዋሳ ተቀምጦ ዓሣ አጣሁ ማለት ደግሞ ነውር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፈረኝ። ከሰዓት በኋላ ሰፈር ውስጥ ከሚዞር ሻጭ አንድ ቆሮሶ ገዝቼ ክፍል ገባሁ። ዓሣው እንደ እንጨት ግትር ብሏል። ቅርፊቱን ነቅዬ ጥቁሩን ወደ መሐል ያሰበስባል የሚባለውን የፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ጠብ ባደርግ፣ ብጠብቅ፣ ደግሜ ብጠብቅ ጥቁሮቹ ኮከቦች ንቅንቅ አላሉም። ሃምሳ ተማሪ በአንዲት ማይክሮስኮፕ ፊት ተሰልፎ ምንም አላየም።

ማታ ላይ ነው የነቃሁት። መልሱ ዓሣው መገተሩ ላይ ነበር። ጡንቻ ውስጥ ማዮሲን የሚባለው ሞተር አክቲን የተባለውን ክር ጨብጦ ይስባል፤ ጭብጡን የሚለቀው አዲስ የኤቲፒ (የህዋስ ነዳጅ) ሞለኪውል ሲያገኝ ብቻ ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ ኤቲፒው ሲያልቅ ሞተሮቹ እንደጨበጡ ይቀራሉ። ነዳጅ ያለቀበት መኪና ይቆማል እንጂ መንገዱን አንቆ አይዝም፤ ማዮሲን ግን ይይዛል። የቅርፊቱ ህዋሶች ሞተሮችም ያለ ኤቲፒ ንቅንቅ አይሉም። በማግስቱ ያንኑ ግትር ዓሣ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ክፍል ይዤ ሄድኩ። የከሸፈው ሙከራ ከየትኛውም ሥዕሌ የተሻለ ትምህርት ወጣው። ኤቲፒ ለመሥራት ብቻ ሳይሆን ለመልቀቅም እንደሚያስፈልግ እስከዚያ ቀን በቃሌ እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበር።

በሁለተኛው ሙከራ ትኩስ ቅርፊት የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነክሬ ህዋሶቹን በራሴ እጅ አበላሸሁ። ጨው የሌለው ውሃ ህዋሱ ውስጥ ሰርጎ ያሳብጠዋል። ይህን በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ!

ለሦስተኛው ጎህ ሳይቀድ አሞራ ገደል ወደሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ወረድኩ። ጀልባዎቹ ገና እየገቡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው እየጠበቁ ነበር። አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ ከመረቡ ያወጡትን፣ ገና የሚንፈራገጠውን ቆሮሶ ያዙልኝ፤ ከጀርባው ጥቁር ጥቁሩን ቅርፊት በወረንጦ ነቀልኩ። «መምህር፣ ሥጋውን ትተው ቅርፊቱን ሊበሉ ነው?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ለተማሪዎች ነው» ብል ይባስ ሳቁ።

ቅርፊቱን ያጓጓዝኩት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 7.5 ግራም የገበታ ጨው ባሟሟሁበት ብልቃጥ ነው። ሌላው ብልቃጥ በሊትር 9.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ነበረው። አንዷን ቅርፊት ጠፍጣፋው መስታወት ላይ አስቀምጬ ጨዋማውን ውሃ በመምጠጫ ወረቀት ከአንድ ጎን እየሳብኩ፣ ከሌላው ጎን የፖታሲየሙን ጠብ አደረግሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ኮከቡ ወደ ነጥብ ተለወጠ። «እጁን ሰበሰበ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አልሰበሰበም፤ እጁ እዚያው ነው፣ ባዶውን የቀረው ጥቁሩ ጭነት ስለሄደ ነው። ይህን ለማሳመን ከሙከራው የበለጠ ጊዜ ፈጀብኝ።

ወደ ጨው ውሃው ስንመልሰው ጥቁሩ ቀስ ብሎ መበተን ጀመረ። ስንጠብቅ ሒሳብ ሠራን። ኪኔሲን በሴኮንድ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ቢጓዝ፣ ከወገብ እስከ እግር የሚደርሰውን አንድ ሜትር ነርቭ በ12 ቀን ግድም ይጨርሰዋል። ያው ዕቃ ያለ ሞተር፣ እንዲሁ በመንሳፈፍ ይድረስ ቢባል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስ እና ማይክል ሺትዝ ኪኔሲንን ያገኙት ስኩዊድ ከሚባል የባሕር እንስሳ ነርቭ መሆኑን ስነግራቸው፣ የእኛ ቆሮሶ በአንድ ጊዜ ክብሩ ጨመረ።

ያቺ ተማሪ ተራዋ ደርሶ ስታይ ቆየችና «መምህር፣ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ኋላም ይመለሳል» አለች። የጥያቄዋ መልስ እዚያ ነበር። ማን ነገረው? ማንም። ማይክሮቲዩቡል ሁለት የተለያዩ ጫፎች አሉት፤ ኪኔሲን ወደ አንዱ፣ ዳይኒን ወደ ሌላው ብቻ እንዲሄዱ የሚያደርጋቸው ቅርጻቸው ነው። ፖታሲየሙ ቅርፊቱ ላይ የቀሩትን የነርቭ ጫፎች ቀስቅሶ ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ያስለቅቃል፤ ያ ምልክት ሚዛኑን ወደ ዳይኒን ያደላዋል። እርምጃውም የሰው እርምጃ አይደለም። ጥምቀት ላይ ሕዝብ መሐል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ወዲያና ወዲህ የሚገፋችሁ ሌላ ነው፤ የእናንተ ሥራ ወደ ፊት ስትገፉ እግራችሁን መትከል ነው። ኪኔሲንም የውሃ ሞለኪውሎች ያለ ዕረፍት ሲያላጉት ይኖራል፤ ኤቲፒ የሚያደርግለት ነገር ቢኖር ነጻው እግር ከፊት እንዲያርፍና ወደ ኋላ እንዳይመለስ ማድረግ ነው።

ዘንድሮ ሰሌዳው ላይ ቱቦውን ብቻ ሥዬ ሁለቱን ጫፎች በተለያየ ቀለም ቀባሁ። ሰውየው ቀርቷል። አንዳንድ ተማሪዎች ግን ከታላላቆቻቸው ደብተር ገልብጠው ነው መሰለኝ፣ ፈተና ላይ አሁንም ጆንያ አሸክመው ይሥሉታል።