ቦዶና ሞንጎልኛ፦ መመሳሰል ሁሉ ዝምድና አይደለም
በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በተለይም በአሳም የሚነገረው ቦዶ ቻይንኛና ቲቤትኛ ከሚገኙበት ከሲኖ-ቲቤት የቋንቋ ቤተሰብ ሲመደብ፣ ሞንጎልኛ ግን የሌላ ቤተሰብ ቋንቋ ነው። «ውሃ እጠጣለሁ» ለማለት የቦዶው ተናጋሪ «አንግ ድይ ልንግ»፣ ሞንጎሉ ደግሞ «ቢ ኡስ ኡና» ይላል፤ በሁለቱም ግሱ እንደ አማርኛችን መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ቃላቱ ግን አይገናኙም። ስለዚህ የቃላትን ቅደም ተከተል ብቻ ይዞ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ስሕተት ይመስለኛል።

ይበልጥ የሚማርከኝ ድምፃቸው ነው። በቦዶ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃልን ትርጉም ይለውጣል፤ በሞንጎልኛ ይህ ባይኖርም የቃሉ አናባቢ ቅጥያውን ከራሱ ጋር ያስማማዋል። «ጋር» ማለትም እጅ «ጋራስ» ሲል «ከእጅ»፣ «ጌር» ማለትም ቤት «ጌሬስ» ሲል «ከቤት» ይሆናል፤ ቅጥያው አንድ ሆኖ ሳለ ድምፁ እንደ ቃሉ ይለዋወጣል።