ከሮቤ እስከ ጅቡቲ ወደብ፦ የስንዴው ሒሳብ

የባሌን ስንዴ ጥሩነት ለመመስከር ሮቤ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መንገዱን ተከትዬ የወረድኩት ስንዴው ወደብ ሲደርስ በጥቁር ባሕር በኩል ከሚላከው የሩሲያና የዩክሬን ስንዴ ጋር ይፎካከር እንደሆነ ለማየት ነው።

መጋዘን በር ላይ ተቀባዩ ሹል ቱቦውን ጆንያው ጎን ይሰካና እፍኝ ያወጣል። ሳህን ላይ ሲበትነው ሲናር፣ ኮምባይነር የሰባበረው ፍሬ፣ አልፎ አልፎም የአፈር ጓል ይታያል። ሩሲያ በብዛት የምትሸጠው የዳቦ ስንዴ 12.5 በመቶ ፕሮቲን ያለው ነው፤ ገዢውም መርከብ ሙሉ አንድ ዓይነት ይጠብቃል። እዚህ አንዱ ጭነት ከብዙ ገበሬ ማሳ የተለቃቀመ ስለሆነ ፕሮቲኑ ከጆንያ ጆንያ ይለያያል። ስንዴው ሳይከፋ ዋጋው የሚወርደው በዚህ ነው።

አንድ 50,000 ቶን የሚጭን መርከብ 500,000 ኩንታል ይፈልጋል። በሄክታር 30 ኩንታል ቢገኝ ወደ 17,000 ሄክታር መሬት ማለት ነው። 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 1,250 ምልልስ ይሆናል። መኪናው ከዘገየ መርከቡ ለቆመበት ቀን ሁሉ ይከፈላል።

መንገዱ በዲንሾ፣ በዶዶላና በአሰላ አድርጎ አዳማ ይወርዳል፤ ከዚያ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፤ በጠቅላላው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ። ከዲንሾ ብርድ ወጥቶ አፋር ሙቀት ውስጥ ሸራ ሥር የታፈነ እህል ያልበዋል፤ እርጥበቱ ከፍ ብሎ ከተጫነ ሻጋታና ነቀዝ ይከተላሉ። ኬላ ላይ በወረቀት ጉድለት የቆመ መኪና ጉዳቱ ይብሳል።

መንገዱ የሚያግዝበት በኩልም አለ። የምናስገባው ዕቃ በክብደት ከምንልከው እጅግ ስለሚበልጥ ብዙው መኪና ወደ ወደብ የሚወርደው ባዶውን ነው፤ የቁልቁለቱ ኪራይ ከዳገቱ ይረክሳል። ሹፌሩ ግን የሚቸኩለው ለመመለሻ ጭነቱ ነው፤ ባሌ ድረስ ገብቶ ጆንያ እስኪቆጠር አይጠብቅም። የማዳበሪያ መርከብ በገባ ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይገኝም።

ወደቡ ላይ የእህሉ ሥራ በዋናነት ለማራገፍ የተደራጀ ነው፦ ብትን ስንዴ ከመርከብ ይወጣል፣ ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ መኪና ላይ ይጫናል። የእኛ በጆንያ መጥቶ ተፈትቶ እንደገና ብትን መሆን አለበት፤ ይህ ጉልበትም ብክነትም ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ በባንክ ተመን ሲሰላ የአገር ውስጡ ዋጋ ራሱ ላኪን የሚያከስር ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ኤክስፖርት ፊቱን ወደ ጎረቤት ማዞሩ ለኔ ትክክል ነው። የጥቁር ባሕር ስንዴ ድንበር ላይ ያለችው ሞያሌ ለመድረስ ከኬንያው ወደብ ከሞምባሳ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ በየብስ ይጓዛል፤ ከባሌ የሚነሳው ከዚያ ያነሰ። መርከብ መሙላትም የለም፤ አሥር መኪና ተመሳሳይ ስንዴ ይበቃል። ኬንያ ውስጥ እስከ ማርሳቢት ድረስም ያዋጣ ይሆናል። ናይሮቢ ሲቃረብ ግን ሞምባሳ 500 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ እዚያ ሒሳቡ ተመልሶ ለመርከቡ ያደላል።