ሁለተኛዋ ሥራ አስኪያጃችን

የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ ማኅበራዊ ሚዲያ አይወዱም። ስልካቸው ለጥሪና ለኢሜይል ነው፣ በቃ። ስለዚህ በስማቸውና በፎቷቸው ፌስቡክ ላይ አካውንት ተከፍቶ ለሠራተኛው ሁሉ የጓደኝነት ጥያቄ ሲላክ፣ ብዙው ሰው "በመጨረሻ እሳቸውም ገቡ!" ብሎ በደስታ ተቀበለ። ፎቶው ከድርጅቱ ድረ ገጽ የተወሰደ ነበር። ጥቂቶች ሲቀበሉ፣ ቀሪው "የቢሮው ሰው ሁሉ ጓደኛቸው ነው" ብሎ አመነ። አስመሳይ የሚፈልገውም ይህችኑ ነው።

የነቃችው የፋይናንስ ባልደረባችን ናት። በውስጥ መስመር "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ አትደውዪ፣ አንድ አስቸኳይ ክፍያ አለ የኔ ቆንጆ" የሚል መልእክት ደረሳት። ሥራ አስኪያጃችን "የኔ ቆንጆ" ሊሉ? ኧረ በጭራሽ! አትደውዪ የተባለችው ልጅ ደወለች። ገንዘቡ ተረፈ።

ከዚያ ዘመቻው ተጀመረ። የአይቲው ልጅ በሠራተኞች ግሩፕ ላይ "ሁላችሁም ሪፖርት አድርጉ" ብሎ ለቀቀ። ሰዉም አላሳፈረውም። አንዱ "የጥላቻ ንግግር" የሚለውን መረጠ፣ ሌላው "ስፓም"፣ ሌላው ደግሞ ጣቱ የደረሰበትን ነካ። መልሱ ለሁሉም አንድ ነበር፦ "አካውንቱ የማኅበረሰብ ደንባችንን አልጣሰም።" ቢሮው በንዴት ጦዘ። "ተካፍለው ነው የሚበሉት" ያለም አልጠፋ።

የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ስለሆንኩ ጉዳዩ ወደ እኔ መጣ። ንዴቱ ቢገባኝም በመልሱ አልተገረምኩም። ሪፖርት የድምፅ ቆጠራ አይደለም። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ፣ የሪፖርት ብዛት ውሳኔውን እንደማይወስነው ራሱ ይናገራል። እንዲያ ባይሆን ተደራጅቶ የመጣ መንጋ ሁሉ የጠላውን ሰው ገጽ ሲያዘጋ ይውል ነበር። ደግሞስ "የጥላቻ ንግግር" ተብሎ ከተከሰሰ የሚፈለገው ጥላቻ ነው። እዚያ ገጽ ላይ የነበረው ፈገግ ያሉ አንዲት ወይዘሮ ፎቶ ብቻ ነው።

ስድብ ሲሆን ጽሑፉን አንብቦ መፍረድ ይቻላል። ማስመሰል ላይ ግን የሚነበብ ነገር የለም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሰዎች ሞልተዋል። የቀልድ ገጽና የአድናቂዎች ገጽም፣ ማንነታቸው በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ በብዙዎቹ መድረኮች ይፈቀዳሉ። ስለዚህ የመድረኩ ጥያቄ "የተመሰለው ሰው ማነው? አንተስ እሱ ነህ?" የሚል ይሆናል። ኢንስታግራም ለምሳሌ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበለው ከባለቤቱ ወይም ከወኪሉ ሲመጣ ነው። የመታወቂያ ፎቶም ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሠራተኛ ቢጮህ፣ የሚፈለጉት አንድ ሰው ገና አልተናገሩም ነበር።

ቢሯቸው ገባሁ።

"እኔ አካውንት የለኝም። በሌለኝ ነገር እንዴት ነው የምከሰው?" አሉኝ።

"አካውንት ለሌለው ሰውም ቅጽ አላቸው። የሚፈልጉት መታወቂያዎን ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ፎቶዬን የሰረቀ ሌባ ለመያዝ መታወቂያዬን ልላክ? ነገ ሦስት ሆነን ብንገኝስ?"

እውነታቸውን ነው። ማድረግ የምንችለው ቅጹን ከመድረኩ የእርዳታ ማዕከል ራሳችን ፈልገን መክፈት ብቻ ነበር። ሰው የላከልንን ሊንክ አንነካም ተባባልን። ምክንያት ነበረን። "ተጠንቀቁ" ብለን በድርጅቱ ገጽ ላይ ከለጠፍን በኋላ "እኔ አዘጋላችኋለሁ፣ በውስጥ አናግሩኝ" የሚሉ ሰዎች ኮሜንቱን ሞልተውት ነበር። በሌባ ላይ ሌባ!

መሃል ላይ የአይቲው ልጅ "ተዘግቷል!" ብሎ አበሰረን። ተጨበጨበ። ለካ አስመሳዩን "አንተ ሌባ" ብሎ ጽፎለት ብሎክ ተደርጎ ኖሯል። ከእሱ ስልክ ጠፋ እንጂ እኛ ጋ እንደቆመ ነው። እንዲያውም ነቅቶ ስሙን ቀይሯል። ሰው ሁሉ ያነሳው ስክሪንሾት የድሮውን ስም የያዘ ነው። ያዳነችን የፋይናንሷ ልጅ ናት፤ ገና በመጀመሪያው ቀን የፕሮፋይሉን ሊንክ ኮፒ አድርጋ አስቀምጣ ነበር። የሚታየው ስም ይለዋወጣል፣ አካውንቱ ከጀርባ የሚታወቅበት ቁጥር ግን አይለወጥም። እሷ ያስቀመጠችው ሊንክ ደግሞ ያንን ቁጥር ይዟል።

ቅጹን ሞሉ፣ ሊንኩንና መታወቂያውን አያያዝን። በቀናት ውስጥ አካውንቱ ተወገደ።

በኋላ በስብሰባ ላይ "ሰማያዊዋን ምልክት ብንገዛላቸውስ?" የሚል ሐሳብ ተነሳ። "አካውንቱ የእውነተኛው ሰው ነው" የምትለዋ ምልክት ራሷ ከዚህ ጣጣ ጋር ነው የመጣችው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የቤዝቦል አሠልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ በስሙ በተከፈተ ሐሰተኛ ገጽ ምክንያት ትዊተርን ከሰሰ። በዚያው ሰሞን ትዊተር አካውንት ማረጋገጥ እንደሚጀምር አስታወቀ። በ2022 መጨረሻ ላይ ግን ምልክቷ በወር 8 ዶላር ተሸጠች። አንዱ በመድኃኒት አምራቹ ኢላይ ሊሊ ስም ገጽ ከፍቶ፣ ምልክቷን ገዝቶ፣ ኢንሱሊን በነጻ ሆኗል ብሎ ለጠፈ። ይቅርታ የጠየቀው እውነተኛው ኩባንያ ነው! አሁን ሜታ ምልክቱን ሲሸጥ መታወቂያ ያያል፤ ይሻላል።

ሥራ አስኪያጃችን ግን ምልክቱን ትተው ሌላ ነገር አዘዙ። በመልእክት የመጣ የክፍያ ትእዛዝ፣ የእሳቸውም ቢሆን፣ በሚታወቀው ስልካቸው ተደውሎ ካልተረጋገጠ አይፈጸምም። ስማቸውን ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ደግሞ ራሳቸው አካውንት ከፈቱ። አንድ ፎቶ፣ ዜሮ ጓደኛ። ከአስመሳዩ በምንም አይለይም። ለማንም ሳይናገሩ የጓደኝነት ጥያቄ ሲልኩ፣ ሠራተኛው "ደግሞ መጣች!" ብሎ ተረባርቦ ሪፖርት አደረጋቸው።

አልተዘጋባቸውም። መልሱ ያው የድሮው ነበር፦ የማኅበረሰብ ደንባችንን አልጣሰም።