ሠላሳ ምልልስ

ጎሃ ጽዮን ላይ ረዳቱ ጎማዎቹን በመዶሻ እየመታ ዞረ። ሾፌሩም ወርዶ ፊቱን ታጠበና አማተበ። ከዚህ ወዲያ ዓባይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣነው ሌሊት 11 ሰዓት ስለነበር እስከዚህ ያለውን መንገድ አላየሁትም፤ ሱሉልታን በጨለማ፣ ፍቼን በጉም፣ ገብረ ጉራቻን በእንቅልፍ አልፌያቸዋለሁ። ስለዚህ የእኔ ጉዞ የሚጀምረው ከገደሉ አፋፍ ነው።

የአራተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ከዓባይ ወዲህ ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን ማዶ፣ ፍኖተ ሰላም ናቸው። የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ ሁሌም የማስበው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ከሐምሌ 2015 ወዲህ እኛ አካባቢ ከዜና ሁሉ የሚቀድመው የመንገድ ዜና ሆኗል።

የእኛ ባች የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተፈተነው የመጀመሪያው ነው። ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበር ስንገባ ራሳችንን የአገር ቅርስ አድርገን ነበር። የካፌውን ሽሮ ስንቀምስ ወደ ቦታችን ተመለስን። በ2017 የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱን በዜና ሰምተናል፤ ሽሮው ግን ዜና የሚከታተል አይመስልም።

ስድስት ሆነን በምንተኛበት ዶርም የማይዳኝ ጉዳይ የለም። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ መወሰኑ ትክክል ነበር ይላል፤ አንዱ የባሕር በር ካላነሣ አይተኛም፤ ሌላው ስለ ህዳሴ ግድብ ግብፆች ያሉትን ሁሉ በቃሉ ይዟል። እኔ የታወቅሁት የመውጫ ፈተናውን በመደገፍ ነው። ከ2015 ጀምሮ 50 ያላመጣ አይመረቅም፤ እኔም ሰኔ ላይ እቀመጣለሁ። ያልገባውን ትምህርት እንደገባው ሰው ዲግሪ ይዞ ከመሄድ ይሻላል ስላልኩ «ሚኒስትሩ» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ፈተናው በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ከሚመጣ በሁለተኛው ላይ ቢነግሩን ይሻል ነበር የምለውን ግን የሚሰማኝ የለም፤ ክርክሩ እዚያ ሳይደርስ ይመሻል።

ቁልቁለቱ ተጀመረ። ፍሬኑ መሽተት ያዘ፤ ሙቀቱ በየመታጠፊያው ጨመረ። ዝንጀሮዎቹ አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያዩናል። ከጎኔ የተቀመጡት አባት ቁምጣና ጋቢ የለበሱ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል ያቆሙ ገበሬ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን ጠይቀው ወደ ማቻከል እየተመለሱ ነው። ከጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው ዘረጉልኝ።

«ብላ ልጄ፤ ግብጦ ነው። አማቴ ከሰከላ የላኩት ነው።»

ላልቀመሰው ሰው፣ ግብጦ ከአተር ከፍ ያለ ጠፍጣፋ ነጭ ፍሬ ነው። ተቆልቶ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ ምሬቱ አይለቅም። ሰከላ የግሽ ዓባይ አገር ነው። የምንጩን ግብጦ ወንዙን ልንሻገር ስንል እየበላን ነበር ማለት ነው። ያ ስለ ግብፅ የሚያወራው ጓደኛዬ ቢኖር ከስሙ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያወራበት ነበር። እኔ ሁለት ፍሬ አላመጥኩና የቀረውን በአክብሮት ኪሴ ከተትኩ።

ወንዙን በጃፓን ዕርዳታ በተሠራውና ጳጉሜ 2000 በተከፈተው ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ጎኑ ላይ ጡረታ ወጥቷል። ክረምት ላይ ቡና የሚመስለው ውኃ በጥር ቀጥኖ ድንጋይ ለድንጋይ ይሄዳል።

«ይህ ውኃ መብራት ሆነ አሉ» አሉኝ።

«አዎ አባቴ፤ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል።»

ዶርም ውስጥ እነዚህን ቁጥሮች ስጠራ ክርክር ይቆማል። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እርስዎ ዘንድ መብራት ገብቷል?»

«ምሰሶው ገብቷል» አሉ። «መብራቱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

ምሬት አልነበረበትም። ጤፍ ሸጠው ቦንድ ገዝተዋል፤ ዛሬም ቢጠየቁ እንደሚገዙ ነገሩኝ። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ለዚያው ግድብ ያዋጣኋትን አንድ ብር ልጠቅስ ብዬ ተውኩት።

ዳገቱን ስንጀምር የምማረውን ጠየቁኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በኮምጣጣ አፈር ላይ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደኔ አዞሩ። የእርሳቸውም መሬት ኮምጥጧል። ገብሱ ይበቅልና ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ማዳበሪያው አልሠራ ብሏል።

«ለፋሲካ ያሰብኩትን ሙክት ሸጬ ማዳበሪያ ገዛሁ። ፋሲካን በዩሪያ ፈሰክን» አሉና ሳቁ። ማዳበሪያው በጅቡቲ በኩል በዶላር ተገዝቶ እንደሚገባ አውቃለሁ። የምንዛሪው ነገር ሲነሣ የኢኮኖሚክሱ ጓደኛዬ የሚያወራው ቡና ወደ ውጭ ስለሚልኩት ነበር። የሙክቱን ጉዳይ ያነሣ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ማስረዳት ጀመርኩ። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ላይ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ እየታጠበ ይሄዳል፤ አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዛል። ፎስፈረሱንም አፈሩ ይይዘዋል፤ ገበሬው ገዝቶ የበተነውን ማዳበሪያ መሬቱ እንደ ክፉ ባለዕዳ አልመልስም ይላል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ።

ይህን እያልኩ በመስኮቱ የሚያልፈውን አየሁ። ወደ ደጀን የሚወጣው ገደል ሽፋን በሽፋን የተደራረበ ነው፤ ከላይ ጥቁሩ፣ ከሥሩ ግራጫና ቢጫ የሚለው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፈተና የሸመደድኩት የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ነው። በጣቴ አሳየኋቸው።

«መድኃኒቱ ያ ነው።»

ዱላቸውን ተደግፈው ለረዥም ጊዜ አዩት።

«ታዲያ እዚህ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

ደጀን ምሳ በላን። ስለ ምሳው የምለው የለኝም። ከደጀን ወዲህ አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ከዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ የጠየቀም የለም። ሒሳቡን የሠራነው እዚያ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው።

«ለሄክታር ስንት ኩንታል ይፈልጋል?»

«እንደ ኮምጣጣነቱ ነው። ከጠና 30 ሊደርስ ይችላል።»

የሚያርሱት ሁለት ቃዳ ነው፤ ግማሽ ሄክታር ገደማ። 15 ኩንታል ወጣ። እርሳቸው በዱላቸው አፈሩ ላይ ጫር እያደረጉ ቀጠሉ። መኪና የሚደርሰው አማኑኤል ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሁለት ሰዓት በእግር። አህያቸው ግማሽ ኩንታል ትጭናለች። 30 ምልልስ።

«በቀን አንድ ብትመላለስ አንድ ወር ነው» አልኩ፣ ቀላል ነገር እንደማወራ ሁሉ።

«እሑድን አውጣ። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ ገብርኤልን አውጣ። የገበያ ቀን አውጣ።» ዱላው ቆመ። «ሁለት ወር። እስከዚያ ወይ ኖራው ያልቃል ወይ አህያዋ።»

ሌላ አንድ ቃዳ ነበራቸው፤ እሱን ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ባሕር ዛፍ አህያ አይፈልግም አሉ፤ ነጋዴው ራሱ መጥቶ ቆርጦ ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለአማካሪዬ ባስገባሁት የጥናት ንድፍ ላይ ገበሬው ኖራ የማይጠቀምበትን ምክንያት «የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ጽፌያለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም፤ ሁሉም ስለሚጽፈው ጻፍኩት። አህያ የሚል ቃል በ40 ገጹ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችውን ይህችን ከተማ በሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ እዞራት ነበር፤ ሾፌሩ ግን ሳይመሽ ልድረስ ብሎ መናኸሪያው ውስጥ ሞተር እንኳ አላጠፋም። አማኑኤል ላይ አባት ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። እኔም ዕቃቸውን እስከ በሩ ያዝኩላቸው። ከወረዱ በኋላ ተመልሰው መስኮቱን በዱላቸው ቆረቆሩት።

«ተማሪው! ያቺን ነገር ጻፋት። ግን ከአህያዋ ጀምር።»

ደምበጫን በጨለማ አልፈን ፍኖተ ሰላም ገባን። ቤት ስደርስ አባቴ የሬዲዮ ዜና እየሰማ ነበር፤ የዶርማችን ልጆችም በስልክ ስለ መውጫ ፈተናው ቀን እየተከራከሩ ጠበቁኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። ጃኬቴን ሳወልቅ ግብጦው ወለሉ ላይ ተበተነ። እናቴ አንዷን ፍሬ አንሥታ ጠራርጋ ቀመሰችና ፊቷን ቋጠረች።

«ማን ነው የሰጠህ? ይህ እኮ ገና ሁለት ቀን ውኃ ይፈልጋል።»