ከጎንደር ላሊበላ፦ በካርታና በጎማ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲቀርብልኝ የዋለው ጥያቄ «180 ኪሎ ሜትር ናት፣ ሦስት ሰዓት አትበቃም?» የሚል ነበር። አትበቃም! 180 የአየር መስመሩ ነው። መኪና ግን የበለሳን ቆላና የተከዜን ሸለቆ በቀጥታ ሊሻገር ስለማይችል መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወረታ ይወርዳል፤ ከዚያ በደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫና ደብረ ዘቢጥ ጋሸና ደርሶ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። በድምሩ 360 ገደማ፣ እጥፍ ማለት ነው።

የሚያዘገየው ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ ረጅም፣ ኩርባው ብዙ ነው። በከባድ ማርሽ (በዝቅተኛው) ውረዱ፤ ፍሬን ረግጦ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ አይይዝም። ነዳጁን ደብረ ታቦር ላይ ሙሉ።

በአውሮፕላን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ የላሊበላ ማረፊያ ግን ከከተማው 23 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ እሱንም ቁጠሩት። መንገዱ ክፍት መሆኑንም ሳታጣሩ አትነሱ።