ቦርሳ የሚፈተሽበት በር

የአክስቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ባለፈው ወር በድምፅ መልእክት «እዚያ ለስፌት በሰዓት ስንት ይከፍላሉ? ቁጭ ብሎ መስፋት ምን ይከብዳል? ደግሞ አንቺ አሜሪካ ድረስ ሄደሽ መቶ ዓመት ስላለፈው እሳት ትማሪያለሽ አሉ!» ብላ ሳቀችብኝ። በሁለት ቃል ልመልስላት ብዬ ጀመርኩና አልሆነልኝም። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚጠይቁኝ ሁሉ እዚሁ ልጻፈው።

ቀን መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ኒው ዮርክ ውስጥ እማራለሁ። የታሪክ መምህራችን አራት አራት አድርጎ መደበንና በዚሁ ከተማ የደረሰውን የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ቃጠሎ እንድንመረምር አዘዘን። ቀኑ በፈረንጆች ማርች 25፣ 1911 ነው። በእኛ ሳሰላው መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ሆኖ አገኘሁት። ቅዳሜ ነበር። ሠራተኞቹ ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀራቸው ከስምንተኛው ፎቅ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው ከባለ 10 ፎቁ ሕንፃ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። የእሳት አደጋ መሰላል ከስድስተኛው ፎቅ በላይ አልደረሰም። የውጪው የብረት ደረጃ ታጥፎ ወደቀ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የተሰደዱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ የ14 ዓመት ልጆችም ነበሩባቸው። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። ተማሪዎች እየገቡ ይወጡበታል።

ለእኔ የደረሰኝ ጥያቄ «በሩ ለምን አልተከፈተም?» የሚል ነበር። የተረፉት እንደመሰከሩት በዘጠነኛው ፎቅ በዋሽንግተን ፕሌስ በኩል ያለው በር ተቆልፎ ነበር። ሠራተኞቹ ጨርቅ እንዳይሰርቁ ተብሎ በመውጫ ሰዓት ሁሉም በግሪን ስትሪት በኩል ባለው በር ብቻ እየተሰለፉ፣ ቦርሳቸው እየተፈተሸ ይወጡ ነበር።

ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። እኔም በየቀኑ እሰለፋለሁና። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ፈታሹ የምግብ ዕቃዬን ክፈቺ አለኝ። ከምሳ የተረፈ ሁለት እንጀራ ነበር። ጥቅሉን ጓንት ባጠለቀ ጣቱ አንድ በአንድ ገለጠው፤ በመሐሉ የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስል ጫፉን አንሥቶ በመብራት አየው። ከኋላዬ ሠላሳ ሰው ቆሟል። «ሂጂ» ሲለኝ እንጀራውን መልሼ መጠቅለል አቃተኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ ቤት የእንግዳ መሶብ ማን ደፍሮ ይከፍታል? ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። ወደ አገር ቤት ስደውል «ሥራው ጥሩ ነው» አልኩ።

በክፍል ውስጥ አንድ ልጅ «ለምን አላመለከቱም? ለምን ሥራውን አይለቁም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ክፋት የለበትም፤ የቤት ኪራይ ጭንቀት አያውቅም። አመልክተው ነበር እኮ! ከቃጠሎው በፊት፣ በፈረንጆች 1909፣ በኒው ዮርክ 20,000 የሚሆኑ የሸሚዝ ስፌት ሠራተኞች አድማ መትተዋል፤ የዚህ ፋብሪካ ሴቶችም ነበሩበት። ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ ግን የሠራተኛ ማኅበራቸውን አንቀበልም አሉ። ሕግም አልጠፋም፤ በሥራ ሰዓት በር መቆለፍ በዚያን ጊዜም የተከለከለ ነበር። የጠፋው የሚያስከብረው ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የችሎቱ ነገር ነው። ኬት አልተርማን የምትባል የተረፈች ልጅ ስለ ተቆለፈው በር መሰከረች። የተከሳሾቹ የፋብሪካ ባለቤቶች ጠበቃ ማክስ ስቱየር ታሪኩን ደጋግማ እንድትናገር አደረጋት። በየጊዜው በተመሳሳይ ቃላት ስትናገር፣ አስጠንተዋት ነው ወደሚል ጥርጣሬ ወሰደው። ባለቤቶቹ በነፃ ተለቀቁ። ጠበቃው ራሱ በልጅነቱ ተሰዶ የመጣ ሰው መሆኑ ደግሞ ይብሳል። እኔ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የእንግሊዝኛ መልሴን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር፤ ሌላ ቃል ስላልነበረኝ ነው ያንኑ የደገምኩት። ይህን ለክፍሉ ስናገር ድምፄ ተሰበረ፤ ግን ጨረስኩት።

በፈረንጆች 1914 ባለቤቶቹ ለአንዲት ነፍስ 75 ዶላር ካሳ ከፈሉ። ከዚያ በፊት በ1913 ብላንክ በሌላ ፋብሪካው በር ቆልፎ ተገኝቶ 20 ዶላር ተቀጥቷል። ሃያ ዶላር!

ሁሉም ግን ከንቱ አልቀረም። በቃጠሎው ቀን በሕንፃው አጠገብ የነበረችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ ሴቶቹ ሲወድቁ አየች፤ የፋብሪካዎችን ሁኔታ ከመረመሩት ሰዎች አንዷ ሆነች፤ በ1933 የአሜሪካ የሥራ ሚኒስትር ተባለች። የኒው ዮርክ ግዛት መርማሪ ኮሚሽን ሥራም ከ30 በላይ ሕጎችን አስወጣ፤ የእሳት ልምምድና ውኃ የሚረጭ የጣሪያ ቧንቧ በብዙ ፋብሪካዎች ግዴታ የሆኑት በእነዚያ ሕጎች ነው። ዛሬ እዚህ ልምምዱ ሲደረግ ሰዉ ቡናውን ይዞ እየተሳሳቀ ይወጣል፤ ደወሉ በማን ሞት እንደመጣ አያውቅም። እኛ ደግሞ ስለ አደጋ የሚያነሣውን «አታሟርትብን» ብለን ዝም እናሰኛለን።

እንግዲህ ልትመጡ የምታስቡ፣ ስለ ደመወዝ መጠየቃችሁ ደግ ነው። ሥራ የገባችሁ ዕለት ግን መውጫውን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ሠራተኛ ለፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል፤ ስሙ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅም መብቱ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ከምሠራበት መደርደሪያ ጀርባ ያለው የአደጋ ጊዜ በር በካርቶን ተሸፍኖ ወራት አልፌዋለሁ። ጥናታችንን ባቀረብን ማግሥት ከሦስት የሥራ ጓደኞቼ ጋር ሆነን ለአለቃችን ነገርነው። ካርቶኑ ተነሣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ተቆለለ፤ እንደገና ነገርነው፤ እንደገና ተነሣ።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በድምፅ ላክሁላትና «የእናንተስ የኋላ በር ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅኋት። ሁለት ቀን ዝም አለች። ትናንት ማታ መልሷ መጣ፦ «በምሳ ሰዓት ሄጄ ገፋሁት። ይከፈታል።»